ባቡር ሲገለበጥ የሚቆጠረውና የማይቆጠረው

በጥር 1977 ዓ.ም. ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ይመጣ የነበረ የመንገደኞች ባቡር አዋሽ አጠገብ ካለ ድልድይ ላይ ሐዲዱን ስቶ ገደል ገባ። ወደ አንድ ሺህ የሚጠጋ ሰው አሳፍሮ ነበር። 428 ሰዎች ሞቱ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቆሰሉ። ባቡሩ ኩርባው ላይ ፍጥነቱን አልቀነሰም ተባለና ነጂው ታሰረ። በአፍሪካ የባቡር ታሪክ ከዚህ የከፋ አደጋ አልተመዘገበም። ሆኖም «ሰባ ሰባት» ሲባል ሁላችንም ትዝ የሚለን ድርቁ ነው። አገር በረሃብ በሚያልቅበት ወቅት የደረሰ ሐዘን በትልቁ ሐዘን ተዋጠ። የአዋሹ ባቡር ዛሬ የሚነሣው በአብዛኛው ሰው የሞተባቸው ቤቶች ውስጥና በድሬዳዋ አሮጌ የባቡር ሠራተኞች መካከል ነው።

ከ41 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በጥቅምት 2018 ዓ.ም.፣ በዚያው አሮጌ መሥመር ላይ ሌላ አደጋ ደረሰ። በጅቡቲ ድንበር አቅራቢያ ካለችው ደወሌ ተነሥቶ ወደ ድሬዳዋ ሲጓዝ የነበረ ባቡር ሽንሌ አካባቢ ከሌላ ባቡር ጋር ተጋጨ። ከ14 ያላነሱ ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ ተሳፋሪዎች ነጋዴዎች ነበሩ፤ ዕቃ ገዝተው፣ ዕቃቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው የሚመለሱ። የአዲስ አበባ ሰው ባቡር ሲባል በኤሌክትሪክ የሚሄደውን አዲሱን መሥመር ስለሚያስብ፣ አሮጌው ሐዲድ በዚያ በኩል አሁንም ሰው እንደሚያመላልስ ብዙዎች የሰሙት በዚያ ቀን ዜና ይመስለኛል።

በእነዚህ ሁለት አደጋዎች መካከል በዓለም ዙሪያ ብዙ ባቡሮች ተጋጭተዋል፤ ብዙ ሐዲዶች ተዘግተው ተከፍተዋል። የአንዱን አገር ታሪክ ከሌላው አጠገብ አስቀምጦ ለሚያይ ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። ከአደጋ በኋላ ሁለት ሥራዎች በአንድ ቀን ይጀመራሉ። አንደኛው መሥመሩን መክፈት ነው፤ አለቃ አለው፣ በጀት አለው፣ ክሬን አለው፣ በሰዓት ይለካል። ሁለተኛው ለሰው መልስ መስጠት ነው፦ ማን ሞተ፣ ለምን ሞተ፣ ለቀረው ቤተሰብ ማን ይቆማል፣ ነገ ሥራ የሚሄደው በምን ይሂድ። ይኼኛው ባለቤት የለውም፤ ስለዚህ በዓመታት ይጓተታል። የባቡር አደጋ በሰው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ትልቁ ክፍል በእነዚህ ሁለት ሥራዎች መራራቅ ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

ከጉዞው እንጀምር። የመኪና አደጋ መንገድ ቢዘጋ ሌላው መኪና ዳር ይዞ ያልፋል። ባቡር ዳር የለውም። አንድ ፉርጎ ሐዲዱ ላይ ከወደቀ ከኋላ የሚመጣው ሁሉ ይቆማል። ከዚያም አልፎ፣ መንስኤው ሌላ ቦታም ሊኖር ይችላል የሚል ፍርሃት የቀረውን መሥመር ሁሉ ያዘገየዋል። ለዚህ ከእንግሊዙ ሃትፊልድ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2000 ከለንደን በስተሰሜን አንድ ፈጣን ባቡር ከሐዲዱ ወጣ። የሞቱት 4 ሰዎች ናቸው። መርማሪዎች ሐዲዱን ሲያዩት ከ300 በሚበልጡ ቁርጥራጮች ተሰባብሮ አገኙት፤ ጎማ ሲመላለስበት ቀስ በቀስ የፈጠረው ስንጥቅ ነበር። ሬልትራክ የሚባለው የሐዲዱ ባለቤት ኩባንያ በአገሩ ውስጥ እንዲህ የተሰነጠቀ ሐዲድ ስንት ቦታ እንዳለ አያውቅም ነበር። ስላላወቀም ከ1,200 በላይ ቦታዎች ላይ የፍጥነት ገደብ ጣለ። ለወራት በመላው እንግሊዝ ባቡር ተንቀራፈፈ፤ የአንድ ሰዓት መንገድ ሁለት ሰዓት ሆነ፤ ሰው ተማርሮ ወደ መኪናው ተመለሰ። ኩባንያው በዓመቱ ራሱን ችሎ መቆም አቅቶት በመንግሥት ጥያቄ በፍርድ ቤት አስተዳዳሪ እጅ ወደቀ፤ በቦታውም ለትርፍ የማይሠራ ሌላ ድርጅት ተተካ።

ወደ መኪናው የተመለሰው ሰው ነገር ቀላል አይደለም። በባቡር መጓዝ በመኪና ከመጓዝ እጅግ ያነሰ አደጋ አለው። ባቡር ሲቆም ሕዝቡ የሚገፋው ወደሚበልጠው አደጋ ነው። በአስፋልት ላይ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በሚሞቱባት ኢትዮጵያ ደግሞ ይህ የበለጠ ይከብዳል። የአዲስ አበባና የጅቡቲ መሥመር ለአንድ ሳምንት ቢዘጋ፣ በባቡር ይመጣ የነበረው ማዳበሪያ፣ ስንዴና ኮንቴይነር በከባድ መኪና ተጭኖ በአዋሽ በኩል ወደ መሀል አገር ይነዳል። በዚያ ትርፍ ጭነት ምክንያት መንገድ ላይ የሚሞት ሰው ቢኖር በመኪና አደጋ መዝገብ እንጂ በባቡሩ መዝገብ አይገባም። በባቡር አደጋ ሳቢያ ከሚደርሱ ጉዳቶች ማንም የማይቆጥረው አንዱ ይህ ነው።

ሰው ያልሞተበት አደጋም ብዙ ሰው ያንገላታል። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያና በአርሊንግተን የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን በደንብ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 በሰማያዊው መሥመር ላይ አርሊንግተን መቃብር ጣቢያ አካባቢ አንድ ሜትሮ ባቡር ከሐዲዱ ወጣ። የሞተ ሰው አልነበረም። ምርመራው ግን አስደንጋጭ ነገር አወጣ። ያው ባቡር በዚያው ቀን ቀደም ብሎም ሁለት ጊዜ ከሐዲዱ ወጥቶ፣ ማንም ሳያውቅ በራሱ ተመልሶ ገብቶ ነበር። ጎማዎቹ በብረቱ ወገብ ላይ ተንሸራተው መካከላቸው ያለው ርቀት ሰፍቶ ነበር። ችግሩ በሌሎች ተመሳሳይ ባቡሮችም ስለተገኘ 748 ፉርጎዎች፣ ማለትም ከጠቅላላው ስድሳ በመቶ ያህሉ፣ ከአገልግሎት ታገዱ። በቀዩ መሥመር በየ15 ደቂቃው፣ በሌሎቹ በየ30 ደቂቃው አንድ ባቡር መጣ፤ ይህም ለወራት ዘለቀ።

ሠላሳ ደቂቃ ቢሮ ለሚሠራ ሰው መዘግየት ነው። ሆቴል የሚያጸዳ፣ የመኪና ማቆሚያ የሚጠብቅ ወይም ኤርፖርት ውስጥ በሽፍት የሚሠራ ሰው ግን አንዱ ባቡር ካመለጠው ሰዓቱ ይቆረጥበታል፤ ሲደጋገም ሥራውን ያጣል። ባቡሩ የታገደው ለሕይወቱ ሲባል ነው፤ እገዳውም ትክክል ነው። የዕለቱን ኪሣራ የተሸከመው ግን መኪና መግዛት የማይችለው ተሳፋሪ ነው። ቀዩ መሥመር ከዚያ በፊትም የራሱ ሐዘን ነበረው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2009 ፎርት ቶተን አቅራቢያ፣ ሐዲዱ ላይ የቆመን ባቡር መለየት የነበረበት የኤሌክትሪክ ሥርዓት ሳይለየው ቀርቶ ከኋላ የመጣው ገጨው፤ ነጂዋን ጨምሮ 9 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ ባቡሮቹ በእጅ እንዲነዱ ተወሰነ፤ ወደ አውቶማቲኩ የተመለሱት ከ15 ዓመት በኋላ ነው።

የስዊዘርላንዱን ጎታርድ በአጭሩ ላንሳው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 የአንድ ጭነት ባቡር ጎማ ተሰብሮ በዓለም ረጅሙ የባቡር ዋሻ ውስጥ ኪሎሜትሮች የሚሆን ሐዲድ አበላሸ። አንድም ሰው አልቆሰለም። ዋሻው ሙሉ በሙሉ የተከፈተው ግን ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ እስከዚያ አብዛኛው መንገደኛ በአሮጌው የተራራ መሥመር አንድ ሰዓት ያህል ተጨማሪ ይጓዝ ነበር። ሀብታም አገር ነውና አማራጭ መሥመር ነበረው። እኛ ዘንድ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚያደርሰው ሐዲድ አንድ ነው።

አማራጭ የሌለው ሐዲድ ሲቆም ምን እንደሚሆን ድሬዳዋ በደንብ ታውቃለች። ከተማዋን የወለዳት ባቡር ነው፤ ሐዲዱ እዚያ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነበር፤ አዲስ አበባ ለመድረስ ሌላ 15 ዓመት ፈጀበት። ቢኬ፣ ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ በሐዲዱ ዙሪያ ተተከሉ ወይም በሐዲዱ ሰፉ። አሮጌው ባቡር እየተዳከመ ሄዶ ሲቆራረጥ በየጣቢያው ፍራፍሬ፣ ወተትና ሻይ ትሸጥ የነበረችው ሴት ገበያዋን አጣች፤ ነጋዴው በመኪና ለመሄድ እጥፍ ከፈለ። ደወሌ ድረስ የሚሄደው ባቡር ላይ ጭነት መካከል ተጠግተው የሚሳፈሩ ሰዎች አደጋውን ሳያውቁት ቀርተው አይደለም። ሌላው መንገድ ትርፋቸውን ይበላዋል።

አሁን ወደ ሰው ልምጣ፤ የሚከብደው ይሄ ነው።

እ.ኤ.አ. ሰኔ 2 ቀን 2023 በሕንድ ኦዲሻ ግዛት፣ ባላሶር አውራጃ፣ ባሃናጋ ባዛር በምትባል ትንሽ ጣቢያ ሦስት ባቡሮች ተጋጩ። ኮሮማንዴል ኤክስፕረስ በዋናው ሐዲድ እንዲያልፍ ሲግናል ተሰጠው፤ ማዞሪያው ግን ወደ ጎን፣ የብረት ማዕድን ጭኖ ወደቆመ ባቡር ወሰደው። ፉርጎዎቹ ተወርውረው በሌላኛው መሥመር ሲያልፍ የነበረውን ባቡር መቱት። ወደ 300 የሚጠጋ ሰው ሞተ፤ ከአንድ ሺህ በላይ ቆሰለ። መንስኤው ቀደም ሲል በተደረገ ጥገና የሲግናል ሽቦዎች በስሕተት መገናኘታቸው ሆኖ ተገኘ። መሥመሩ በ51 ሰዓት ውስጥ ተከፈተ። ሚኒስትሩ ቦታው ላይ ቆመው የመጀመሪያውን ባቡር ሲሸኙ ዓለም አየ። የሠራተኞቹን ድካም አላናንቅም፤ በዚያ ሙቀት ሌትና ቀን ሠርተዋል።

በዚያው ሰዓት ግን በጣቢያው አጠገብ ያለው ትምህርት ቤት በአስክሬን ተሞልቶ ነበር። ባቡሩ በፊትና በኋላ ቦታ ሳይያዝ የሚገባባቸው ርካሽ ፉርጎዎች ነበሩት፤ እዚያ የሚሳፈሩት ወደ ደቡብ ለቀን ሥራ የሚሄዱ ድሆች ናቸው፣ ስማቸው በዝርዝር የለም። ቤተሰብ ከቤንጋልና ከቢሃር መጥቶ ፎቶግራፍ እያገላበጠ ልጁን ፈለገ። አንዱን አስክሬን ከአንድ በላይ ቤተሰብ የኔ ነው አለ፤ የዘረመል ምርመራ እስኪደርስ ሳምንታት ሄዱ። በመጨረሻም ማንም ያልወሰዳቸው 28 አስክሬኖች ከአራት ወር በኋላ፣ ቤተሰብ በሌለበት፣ በአስተዳደሩ ተቃጠሉ። እኛ እርማችንን ሳናወጣ የማንቀመጥ ሕዝቦች ነንና፣ የዚያ ሰው እናት በር በሩን እያየች የምትቀመጥበትን ዘመን ለመገመት አይከብደንም።

ትምህርት ቤቱስ? ልጆቹ ወደ ክፍላቸው መመለስን ፈሩ፤ ወላጆችም አንልክም አሉ። አስክሬን የተኛበት ሕንፃ በሳምንቱ ፈረሰ። እነዚያ ተማሪዎች ባቡሩ ላይ አልነበሩም፤ በቆሰሉትም ዝርዝር ውስጥ የሉም።

ግሪክ ደግሞ ሌላውን ገጽታ ታሳያለች። እ.ኤ.አ. የካቲት 28 ቀን 2023 እኩለ ሌሊት ሲቃረብ፣ ከአቴንስ ወደ ተሰሎንቄ የሚሄድ የመንገደኞች ባቡርና አንድ ጭነት ባቡር በቴምቢ ሸለቆ ፊት ለፊት ተላተሙ። ሁለቱ ለ12 ደቂቃ ያህል በአንድ ሐዲድ ላይ አንዱ ወደ ሌላው ሲሮጡ ማንም አላያቸውም። 57 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ የካርኒቫል በዓልን ከቤተሰብ ጋር አሳልፈው ወደ ትምህርታቸው የሚመለሱ ወጣቶች ነበሩ። ባቡሮቹን ከሩቅ የሚያይ ሥርዓት ለመዘርጋት ውል የተፈረመው በ2014 ነበር፤ በሁለት ዓመት ማለቅ ሲገባው አላለቀም። እናት ለልጇ የምትልከው «ስትደርሺ ደውዪልኝ» የሚለው የዘወትር መልእክት በመላ ግሪክ የሰልፍ መፈክር ሆነ። የባቡር ሠራተኞች ሥራ አቆሙ፤ የሁለቱ ትልልቅ ከተሞች ባቡር ለአንድ ወር ያህል ተቋረጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በአደጋው ቀን፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ እንደገና አደባባይ ወጣ።

ይህን ያህል ያስቆጣው ምን ነበር? ሞቱ ብቻ አይደለም። አደጋው በደረሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቦታው ተጠርጎ፣ አፈሩ ተነሥቶ፣ ጠጠር ፈሰሰበት። ቤተሰቦች የልጆቻቸው ቅሪትና በግጭቱ የተነሣው እሳት መንስኤ ማስረጃ አብሮ ተጫነ ብለው ጮኹ። አዲስ የተቋቋመው ነጻ መርማሪ አካልም በየካቲት 2025 ባወጣው ዘገባ ማስረጃ እንደጠፋ አረጋገጠ።

ቻይና ውስጥም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2011 ዌንጆ አጠገብ አንድ ፈጣን ባቡር ሌላውን ከኋላ ገጭቶ 40 ሰዎች ሞቱ። ባለሥልጣናት አንዱን ፉርጎ እዚያው ጉድጓድ አስቆፍረው ቀበሩት፤ መሥመሩም በሁለት ቀን ውስጥ ተከፈተ። ሕይወት የለም ከተባለ በኋላ፣ አንድ የነፍስ አድን ቡድን መሪ ፉርጎው እንዲሁ አይነሣም፣ እዚሁ ይፈተሽ ብሎ ስለጸና፣ አደጋው ከደረሰ 20 ሰዓት ገደማ ቆይቶ አንዲት የሁለት ዓመት ሕፃን በሕይወት ወጣች። እናትና አባቷ ሞተዋል። ያ ሰውዬ የታዘዘውን ብቻ ቢያደርግ ኖሮ ቁጥሩ 41 ይሆን ነበር፤ ያች ልጅ መትረፍ ትችል እንደነበር የሚያውቅም አይኖርም።

ሁሉም ቦታ ቶሎ የሚገኘው ጥፋተኛ ነጂው ወይም የጣቢያው ሠራተኛ ነው። አዋሽ ላይ ነጂው ታሰረ፤ ቴምቢ ላይ በአቅራቢያው ያለው የላሪሳ ጣቢያ ኃላፊ። ጥፋት የለባቸውም አልልም። ግን የጃፓኑን አማጋሳኪ ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2005 አንድ ባቡር 70 ኪሎሜትር በሰዓት በሚፈቀድበት ኩርባ በ116 ገብቶ ከአንድ መኖሪያ ሕንፃ ጋር ተላተመ፤ የ23 ዓመቱን ነጂ ጨምሮ 107 ሰዎች ሞቱ። ወጣቱ ቀደም ባለው ጣቢያ ላይ አልፎ በመቆሙ 90 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነበር። በኩባንያው ደንብ የዘገየ ነጂ «ድጋሚ ሥልጠና» ወደሚባል፣ ሰውን ወደሚያሸማቅቅ ቅጣት ይላክ ነበር፤ ከዚህ በፊትም ደርሶበታል። በፍጥነት የገባን ባቡር በራሱ የሚያቆመው መሣሪያ በዚያ ኩርባ ላይ ገና አልተተከለም ነበር። ክስ የቀረበባቸው የኩባንያው የቀድሞ ፕሬዚዳንቶች በፍርድ ቤት ነጻ ወጡ። የሕንፃው ነዋሪዎች ቤታቸውን ለቀቁ፤ ቦታው ዛሬ መታሰቢያ ነው። አዋሽም ሆነ አማጋሳኪ ኩርባና ፍጥነት ናቸው፤ ልዩነቱ የጃፓኑን ከነሰከንዱ ማወቃችን ነው።

በእኛ አዲስ መሥመር ላይ ደግሞ ከሁሉ ተደጋግሞ የሚደርሰው አደጋ ዜና የማይሆነው ነው፦ ከብትና ግመል በባቡር መገጨት። ለባቡሩ ጥቂት ሰዓት መቆም ነው። በአፋርና በሶማሌ ሜዳ ለሚኖር አርብቶ አደር ግን አንዲት የምትታለብ ግመል የልጆቹ ምግብ፣ የክፉ ቀን መጠባበቂያና የልጁ መዳሪያ ናት። ሐዲዱ የግጦሽ መሬቱን ለሁለት ከፍሎታል፤ ማቋረጫውን ሩቅ ቦታ አድርጎበታል። ካሣው ዘግይቶ ወይም ሳይበቃው ሲመጣ ባቡሩን እንደ ጠላት ማየት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ የሐዲዱን ደኅንነት የሚጠብቅለት ጎረቤት አይኖርም።

ኢትዮጵያ አደጋን መመርመርና ለሕዝብ መናገር የማትችል አገር አይደለችም። በመጋቢት 2019 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ወድቆ 157 ሰዎች ሲሞቱ፣ የመጀመሪያው የምርመራ ዘገባ በወሩ ውስጥ ይፋ ሆነ፤ የመጨረሻው በታኅሣሥ 2022 ወጣ። ዓለም አቀፍ የአቪዬሽን ደንብ ስለሚያስገድድ ነው ይባል ይሆናል፤ ባቡር እንደዚያ ያለ ደንብ የለውም። ደንብ ባይኖርም ልምዱ አለ፤ ባለሙያው አለ። ከጅቡቲ ድንበር ሩዝና ዘይት ይዞ የሚመለስ ነጋዴ በአውሮፕላን ከሚሄደው ያነሰ መልስ የሚሰጠው ምን ስለሆነ ነው?

ስለ ሽንሌ የሚጻፍ ማንኛውም ዘገባ ለተራ አንባቢ በሚገባ አማርኛና ሶማልኛ ሊመልሳቸው የሚገቡ ነገሮች ግልጽ ናቸው። ሁለት ባቡር በአንድ ሐዲድ ላይ እንዲገናኝ ያደረገው ማን፣ በምን ዓይነት መገናኛ እየተነጋገረ ነበር? ፍሬኑ መቼ ተፈተሸ? ሰው ከጭነት ጋር እንዲሳፈር ማን ፈቀደ፣ ምንስ አስከፈለ? ስንት ሰው እንደተሳፈረ በጽሑፍ የተያዘ ነገር ነበር ወይ? ለሟች ቤተሰብ ምን ተከፈለ፣ ዕቃው ለጠፋበትስ? ባቡሩ በቆመባቸው ቀናት ከደወሌ ወደ ድሬዳዋ የሚመላለሰው ሰው በምን ተጓዘ፣ ስንት ጨመረበት?